የየትምወርቅ መርዶ

ሌክ ሃይላንድስ፣ ዳላስ
ኦገስት 17

ወንድሜ ዩኑስ፣

እንደምን ከረምክ? እኔ ደህና ነኝ ልልህ ነበር። እጄ ለምዶት ሊጽፈው ሲል ያዝኩት።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ሲደርስህ እንደምትደነግጥ አውቃለሁ። ስልክ ያልደወልኩት ያንተን ስልክ ወንድሜ ናሆም እንደራሱ ስለሚያነሳው ነው። ስድስት ወር ሙሉ ስደውልልህ አንድ ቀን አንተ አንስተህ አታውቅም፤ ቴክስት ባደርግልህም ከአንተ በፊት የሚያየው እሱ ነው። ምግብ የምትሸጡባት ፉድ ትራካችሁ የፖስታ ሳጥን ስለሌላት ፖስታችሁን የምትቀበለው የአሳ ማጥመጃ ሱቅ ያላት ሴትዮ ናት ብሎኝ ነበር ናሆም፤ በእሷ በኩል ልኬዋለሁ። ናሆም አጠገብህ ካለ አሁኑኑ አጥፈህ ኪስህ ክተተው።

እናታችን፣ የኔና የናሆም እናት፣ ሐሙስ ዕለት ዐረፈች። ዝዋይ፣ እዚያው ቤቷ፣ ማንንም ሳታስቸግር። ዓርብ ተቀበረች።

ናሆም አልሰማም። ሰው እናቱ መሞቷን የሚረዳው ማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚደግፈው ክንድ ግራና ቀኝ ባለበት ነው። እዚያ ባሕሩ ዳርቻ ያላችሁት ሐበሾች ሁለት ናችሁ፤ አንዱ እሱ ነው፣ አንዱ አንተ። ወደዚህ ጥሪው እንዳትለኝ፣ ከትራኳ በቀር መኪና የላችሁም፤ ትራኳ ደግሞ ሁለት ቀን ከቦታዋ ከጠፋች ማዘጋጃ ቤቱ ቦታውን ተራ ለሚጠብቅ ሌላ ሰው እንደሚሰጥ ናሆም ራሱ ነግሮኛል። ስለዚህ እኛ እንመጣለን። የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ኃይሉ ባለ አሥራ አምስት ሰው ቫን አለው። ጎረቤቴ እትዬ ፀዳለም ትመጣለች። ለጊዜው የነገርኩት ለእነሱ ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው ከሰማ ፌስቡክ ላይ ያወጣዋል። ኦገስት 30 ቅዳሜ ማለዳ በራችሁ ላይ ነን።

እስከዚያ እማዬ ለፍልሰታ ሱባኤ ገብታለች፣ ገዳሙ ስልክ አያስገባም ብዬዋለሁ። በእመቤታችን ጾም እንዲህ ያለ ውሸት መዋሸቴን እሷው ትፍረደው።

ስልኩን ጠብቅልኝ። አደራ።

የትምወርቅ


ፖርት ሌኖራ
ኦገስት 22

እህታለም፣

ነፍስ ይማር። አላህ ያጽናሽ። ከዚህ በላይ ምን እንደሚጻፍ አላውቅም። አንቺስ እንዴት ሰማሽ፣ ማን አጠገብሽ ነበር፣ ጥቁርስ ለበስሽ? እትዬ የሺሃረግን በዐይኔ አይቻት ባላውቅም በስልክ በደወለች ቁጥር ናሆምን “ያን እስላም ልጅ አብላው” ትለው ነበር። ፖስታችንን የምትቀበለው ሚስ ዋንዳ ሱቅ፣ የሽሪምፕ ማቀዝቀዣው ላይ ተቀምጬ ነው ያነበብኩት። ሱሪዬ እስኪርስ ድረስ አልተነሳሁም።

ስልኩን ጠብቅ ያልሽኝን ፈጽሜያለሁ። የናሆምን ስልክ በበነጋታው ዘይት ውስጥ ከተትኩት። አዎ፣ የሚፈላው ዘይት ውስጥ፣ ከአሳው ጋር። በክርኔ ገፋ ሳደርገው ማንም አላየኝም። ከዚያ ይልቅ የጎዳኝ እሱ ራሱ ይቅርታ ሲለምነኝ መዋሉ ነው፤ ጠርዝ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ እያለ። አሁን ያለን የኔ ስልክ ብቻ ነው፤ ፌስቡኩን አጥፍቼዋለሁ።

እህታለም፣ የጠየቅሽኝ ነገር ቀላል እንዳይመስልሽ። ይቺ ትራክ ከምጣዱ እስከ መታጠቢያው ስምንት እርምጃ ናት። በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ከወንድምሽ ጋር ትከሻ ለትከሻ ነን። የሚያወራው ደግሞ ስለ እናቱ ነው። የአሳ ዱለቱን ሽንኩርት እማዬ እንዲህ ነበር የምትከትፈው፣ ቆሮሶ አሳውን እማዬ እንዲህ ነበር የምትገፈው፣ እዚህ ስትመጣ መጀመሪያ ጀልባ ላይ ነው የማሳፍራት ይላል። የመጀመሪያውን ቀን ዐይኔ እንባ ሲያቅር “ምን ሆንክ?” አለኝ። ከዚያ ወዲህ የቤቱን ሽንኩርት በሙሉ የምከትፈው እኔ ነኝ። ለሦስት ቀን የሚበቃ ሽንኩርት ተከትፎ ተቀምጧል።

ዛሬ ጾሙ ተፈቷል። “እንግዲህ እማዬ ከሱባኤ ወጣች፣ ኮል ላድርግላት” ብሎኝ ነበር። ኔትወርክ የለም አልኩት። ኔትወርክ ነበር።

ዩኑስ


ሌክ ሃይላንድስ
ኦገስት 27

ዩኑስ፣

ስለ ስልኩ ሳነብ ሳቅሁ። ከሳቅሁ በኋላ ደነገጥኩ።

እንዴት እንደሰማሁ፣ ማን አጠገቤ እንደነበር የጠየቅከኝን እንተወው። ሰማሁ፣ በቃ። ጥቁር ስለመልበስም ጠይቀኸኛል፤ አልለበስኩም። ጥቁር ብለብስ ሰው ማን ሞተብሽ ይለኛል፤ አንድ ሰው ከነገርኩ ደግሞ ለሌክ ሃይላንድስ ሐበሻ ሁሉ ነገርኩ ማለት ነው። እሁድ በአንተ ስልክ ቪዲዮ ሲደውልልኝ ቢጫ ሸሚዜን ለብሼ፣ ከንፈሬን ተቀብቼ ነው ያነሳሁት። “አምሮብሻል፣ ምን ተገኘ?” አለኝ። ሥራ ላይ እድገት አገኘሁ አልኩት። እንግዲህ ዕድገትም አለብኝ።

አሁን የምነግርህን ሳትናደድ ስማኝ። ቅዳሜ አንመጣም። ጋሽ ኃይሉ ዐይኑን ኦፕራሲዮን ተደርጎ ሐኪሙ ለሁለት ሳምንት እንዳትነዳ ብሎታል፤ ቫኑን ደግሞ ኢንሹራንሱ ከእሱ በቀር ሰው አያስነዳም። እኔ ሃይዌይ እንደማልነዳ ታውቃለህ፤ ሌዊስቪል ድረስ ለመጋዘኑ ሥራ የምሄደውም በሰው መኪና ነው። ብነዳስ? የስድስት ሰዓት መንገድ ብቻዬን መጥቼ፣ ብቻዬን ደጃፉ ላይ ቆሜ፣ እናትህ ሞተች ልበለው? እሱ መርዶ አይባልም፤ ሰው ላይ ድንጋይ መወርወር ነው።

ሴፕቴምበር 13 ቅዳሜ ቁርጥ ነው። ለናሆም ደግሞ እማዬ የጳጉሜን ጸበል ሳልጨርስ አልወጣም ብላለች ብዬዋለሁ። አምኖኛል። እማዬን ስለሚያውቃት ነው ያመነኝ፤ ብትኖር በእርግጥ የምትለው ነበርና።

በርታልኝ።

የትምወርቅ


ፖርት ሌኖራ
ሴፕቴምበር 3

እህታለም፣

አልተናደድኩም። ውሸት ነው፣ ተናድጃለሁ። ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ድልድዩ ድረስ በእግሬ ሄጄ ተመለስኩ። ይቺ ከተማ መግቢያና መውጫዋ ያ አንድ ድልድይ ነው። በሦስቱ በኩል ባሕር፣ በአንዱ ድልድይ፣ መሐል ላይ እኔና ወንድምሽ፣ በመሐላችን ደግሞ እትዬ የሺሃረግ።

ደብዳቤሽ ገና ስላልደረሰኝ ቅዳሜ ትመጣላችሁ ብዬ አርብ ማታ ትራኳን ጥርግ አድርጌ አጥቤ ነበር። “ኢንስፔክተር ይመጣል እንዴ?” አለኝ። ይመጣል አልኩት። ሲቀር ደግሞ አብሮኝ አዘነ።

ይኸውልሽ ያለሁበት። ሰኞ ቀለም ገዝቶ መጣ። በትራኳ ጎን፣ ወደ ጀልባዎቹ በሚያየው በኩል፣ የእናቱን ስም በትልቁ እየጻፈ ነው፤ የሺሃረግ አሳ ቤት። ለእንቁጣጣሽ ቪዲዮ ደውሎ ሊያሳያት ነው። እኔ መሰላሉን እይዝለታለሁ። “ሃው ኢዝ ኢት? ማለቴ፣ ‘ረ’ዋ አልጠበበችም?” ይለኛል። አልጠበበችም እለዋለሁ። ትናንት አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። መሰላል ላይ ባይሆን ኖሮ እነግረው ነበር፤ ወድቆ ይሰበራል ብዬ ተውኩት።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ሚስ ዋንዳ ነገሩን አውቃለች። የመጀመሪያው ደብዳቤሽ ሲመጣ “ሴት ናት?” ብላ ስታፌዝብኝ አላስቻለኝም፣ ነገርኳት። ኦገስት 30 ቤተሰቡ መጥቶ እስኪነግረው ትንፍሽ እንዳትዪ አልኳት። ምላችልኛለች፤ ምላሷን የምትጠብቅ ሴት ናት።

እህታለም፣ ፍቀጂልኝና ልንገረው። ለምን እንዲህ ድርቅ አልሽ? እዚህም ሰው አለ። ሐበሻ አይደሉም እንጂ ሰዎች ናቸው።

ዩኑስ


ሌክ ሃይላንድስ
ሴፕቴምበር 7

ዩኑስ፣

አይሆንም።

ለምን ድርቅ አልሽ ብለህ ጠይቀኸኛል፤ እሱንም እንተወው። እትዬ ፀዳለም ይህንኑ ጠየቀችኝ፤ ወሬ ቀየርኩባት። ብቻውን አይሰማም። አንተ ሰው አይደለህም ማለቴ አይደለም። ግን እሱ ሲወድቅ አንተን የሚይዝህ ማን ነው? ሁለታችሁም ወለሉ ላይ ስትወድቁ ዘይቱን ማን ያጠፋዋል?

ስድስት ቀን ነው የቀረን። አሁን ዐሥራ ሦስት ሰው ተመዝግቧል፤ ቄሱም አሉበት። ለምን እንደምንሄድ ለሁሉም የምነግራቸው ዓርብ ማታ፣ ቫኑ ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው። ሥራዬ ላይ አንድ ቀን ከቀረሁ ያሰናብቱኛል፤ ቅዳሜ ግን ተራዬ ስላልሆነ እግዜር አወጣኝ። ለእንቁጣጣሽ ሲደውል ዝዋይ መብራት የለም እለዋለሁ። ከነገ ጀምሮ ደግሞ ትንሽ አሟታል እያልን እናለማምደው። አንተም ከፈለግህ “ዕድሜዋም ገፍቷል” በል፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እንደዘበት።

ስሟን በቀለም ጻፈ ስትለኝ ምሳዬን መብላት አቃተኝ።

የትምወርቅ


ፖርት ሌኖራ
ሴፕቴምበር 12

እህታለም፣

ትናንት ስልኩ ላይ “ማን ነገረው?” ብለሽ፣ ከእሱም ጋር ሁለት ደቂቃ ሳታወሪ “ሥራ ላይ ነኝ፣ አይዞህ” ብለሽ ዘጋሽው። ስለዚህ እንደለመድነው ልጻፍልሽ።

ማንም አልነገረውም፤ ሰሌዳ ነው የነገረው። ሚስ ዋንዳ ከሱቋ ፊት ለፊት የማጥመጃ ዋጋ የምትጽፍበት ትልቅ ሰሌዳ አላት። ኦገስት 30 ብያት የለ? ቀኑን ማራዘማችሁን አልነገርኳትም፤ አፍሬ ነው። እሷ ደግሞ ቤተሰቡ መጥቶ የነገረው መስሏት ሁለት ሳምንት በጨዋነት ጠበቀች። ትናንት የኛ ዘመን መለወጫ መሆኑን ናሆም ሲያወራ ሰምታ፣ በዓሉን ያለ እናቱ ነው የሚውለው ብላ፣ የሽሪምፕን ዋጋ አጥፍታ በእንግሊዝኛ “ናሆም፣ ስለ እናትህ አብረንህ አዝነናል” ብላ ጻፈች። ከመስኮታችን ሃያ እርምጃ አይሆንም።

እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ሽንኩርት እከትፍ ነበር። ናሆም ዝም ሲል ነው ዞር ያልኩት። ዝም ብሎ አያውቅም።

እኔ አፌን ሳልከፍት የጀልባዎቹ ሰዎች መጡ። ከባሕር የተመለሱት ሁሉ፣ ቦት ጫማቸውን እንዳጠለቁ፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው መስኮቱ ላይ ተሰለፉ። ምግብ ያዘዘ የለም። አንድ በአንድ እየቀረቡ “ሶሪ ፎር ዩር ሎስ፣ ናሆም” ይሉትና እጁን ጨብጠው ያልፋሉ። እኛ ለቅሶ ቤት እንደምናደርገው ነው፤ ፍራሹ ብቻ ነው የጎደለው። ቬትናማዊው ሽማግሌ መረቡን ትቶ መጥቶ መስኮቱ ሥር ለረጅም ጊዜ ቆመ። ከአርባ ሰው አያንሱም። ናሆም እያንዳንዱን “ቴንክ ዩ” አለ። የመጨረሻው ሲያልፍ መስኮቱን ዘግቶ የዘይት ጀሪካን ላይ ቁጭ አለ።

“ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?”

“ከኦገስት።”

“ሶ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሽንኩርቱን ሁሉ አንተ የከተፍከው...” አለና አልጨረሰውም። ከዚያ አለቀሰ። ያዝኩት። እሱም እኔን ያዘኝ፤ እህታለም፣ የፈራሽው አልደረሰም፣ ሁለታችንም አልወደቅንም። ሚስ ዋንዳ በጓሮ በር ገብታ ዘይቱን አጠፋችው።

ስድቡን እጠብቅ ነበር። አልሰደበኝም። ሲመሽ፣ ፊቱን ታጥቦ ከተመለሰ በኋላ፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። “የትምወርቅን ማን አረዳት?”

አላውቅም አልኩት። በኦገስት ጠይቄሽ እንተወው ብለሽኛልና።

ዩኑስ


ሌክ ሃይላንድስ
ሴፕቴምበር 15

ዩኑስ፣

አመሰግንሃለሁ። ሚስ ዋንዳንም አመስግንልኝ፤ አልተቀየምኳትም። ጋሽ ኃይሉ ጉዞው ቀርቷል ብሏል፤ ከተረዳማ በስልክ እናጽናናዋለን አለ። ልክ ነው። ዐሥራ ሦስቱንም ሰው ለሌላ ጉዳይ ነበር ብዬ በተንኳቸው።

አሁን የጠየቀውን ልመልስለት፤ አንተም በኦገስት ጠይቀኸኝ ነበር።

ማንም አላረዳኝም። በዚያ ሐሙስ የዐሥራ አምስት ደቂቃ ዕረፍት ላይ ነበርኩ። ስልኬን ከዕቃ ማስቀመጫ ሎከሬ አውጥቼ ከፈትኩት፤ የዝዋይዋ ጎረቤታችን ጊፍቲ ሰባት ጊዜ ደውላለች። መልሼ ስደውል እያለቀሰች ነገረችኝ። የለስላሳ መጠጥ ማሽኑ አጠገብ ቆሜ ነበር። አንድ የማላውቃት ልጅ ሳንቲም ልታስገባ መጥታ “ኤክስኪዩዝ ሚ” አለችኝ፤ ጥግ ያዝኩላት። ከዚያ ደወሉ ተደወለ። ወደ ማሸጊያው መስመር ተመለስኩ። እናቴ መሞቷን ከሰማሁ በኋላ መጀመሪያ ያሸግኩት ዕቃ የውሻ ማሰሪያ ነው። ቀጥሎ ሻምፑ። ቀጥሎ የልጅ የዝናብ ጫማ፣ ቢጫ። ሦስት ሰዓት ተኩል አሸግኩ፤ አንድ ዕቃ አልተሳሳትኩም። ቤት ስገባ ማልቀስ እችል ነበር፤ ግን ግድግዳው ስስ ነው፤ ጎረቤት ሰምቶ ቢመጣ ነገሩ ይወጣና ናሆም ይሰማል ብዬ ቧንቧውን ከፍቼ ዝም አልኩ። እንደዚያ ብዬ ዝም እንዳልኩ ወሩ አለፈ።

ለምን ድርቅ አልሽ ላልከኝ መልሱ ይኸው ነው። እኔ እንደሰማሁት ሆኖ እሱ እንዳይሰማ ነው።

አርባ ሰው ተሰለፈ ስትለኝ ለናሆም ደስ አለኝ። ቀጥሎ ቀናሁበት። በገዛ ወንድሜ ለቅሶ መቅናቴን ለማን እናገራለሁ? አሁን ለቅሶ ልቀመጥ ብል ጊዜው አልፏል። እስካሁን የት ነበርሽ ይሉኛል። ቢጫ ለብሳ ስትስቅ አይተናታል ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ አይተውኛል። ለእሱ ብዬ የዘጋሁት በር ውስጥ የቀረሁት እኔ ነኝ፤ እንዴት እንደሚከፈትም አላውቅም።

ይህን ለናሆም አታንብብለት። ተረዳች ወይ ካለህ፣ ተረድታለች በለው።

የትምወርቅ


ሌክ ሃይላንድስ፣ ከደጃፍሽ
ሴፕቴምበር 20፣ ማለዳ

የትሜ፣

ዩኑስ መዋሸት ሰልችቶታል፤ ደብዳቤሽን አነበበልኝ። አትቀየሚው።

ይህን ወረቀት የምትሰጥሽ እትዬ ፀዳለ ናት። ሌላ ሰው ከሆነ በዚህ ሰዓት በር እንደማትከፍቺ ስለማውቅ እሷን ነው የለመንናት። ጋሽ ኃይሉን ትናንት ደውዬ ለመንኩት፤ ዐሥራ ሦስቱን ሰዎች መልሶ ሰብስቧቸዋል። ቄሱም መጥተዋል። ሁሉም ሰምተዋል። የት ነበርሽ ያለሽ ሰው የለም።

ትራኳ ስድስት ወር ሙሉ ተነድታ ስለማታውቅ ሦስት ጊዜ አሻፈረኝ ብላ በአራተኛው ተነሳች። ቦታችንን ሰኞ ለተራ ጠባቂው ይሰጡታል። ይስጡት። ሚስ ዋንዳ ለመንገድ ብላ በረዶ የሞላበት አንድ በርሜል ሽሪምፕ ጭናብናለች፤ ለለቅሶ እንደማይበላ ላስረዳት አልቻልኩም። ንፍሮ ግን ቀቅለናል፣ እዚያው የዱለቱ ብረት ድስት ላይ። ወንበሮቹን የሰጡን የጀልባዎቹ ሰዎች ናቸው፤ በየጀርባቸው የጀልባ ስም ተጽፎባቸዋል፣ ግር እንዳይልሽ።

ትራኳን ፓርክ ያደረግናት ከመስኮትሽ ሥር ነው። የእማዬ ስም የተጻፈበትን ጎን ወደ አንቺ አዙረነዋል።

አሁን ደረጃው ላይ ነን። እኔ ከበሩ በስተቀኝ፣ ዩኑስ በስተግራ ቆመናል። ክንዳችን አለልሽ።

እህቴ፣ እናታችን ሞታለች።

በሩን ክፈቺው።

ናሆም